የደሳለኝ ቤት ድምፅ

ጡረታ የወጣሁት ዕድሜዬ ደርሶ ነው፤ ወረቀቱም የሚለው ይህንኑ ነው። ከእኔ ቀድሞ ጡረታ የወጣው ግን ጆሮዬ ነበር። ቤቴ ፍኖተ ሰላም ዋናው መንገድ ዳር ነው። ድሮ የጋሪ ፈረስ ሲያልፍ ኮቴውን ብቻ ሰምቼ የሚያነክስ መሆን አለመሆኑን ቤት ውስጥ ተቀምጬ እለይ ነበር። አሁን ባጃጅ አጠገቤ ደርሶ ካላንባረቀ አልሰማም። ሾፌሮቹ "ሲስተር፣ ጆሮዎትንም ጡረታ አስወጡት እንዴ?" እያሉ ይስቁብኛል፤ እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ። ጆሮዬ መድከሙን ያወቅሁ ዕለት ራሴ ለአለቃዬ ተናግሬ ከማዳመጡ ሥራ ስለወጣሁ የማፍርበት ነገር የለኝም።

የማልስቅበት አንድ ነገር ግን አለ። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጭር ሲልና የመንገዱ ጫጫታ ሲርቀኝ አንድ ድምፅ ብቻ ይቀራል። ዱብ፤ ወዲያው ጠቅ። ዱብ፤ ጠቅ። ጠቅታው የትንሽ ሣጥን ክዳን ሲከደን ይመስላል። የጆሮ ሐኪሙ "ጆሮ ሲደክም ራሱ ድምፅ ይፈጥራል" ብሎ አስረድቶኛል፤ አምኜዋለሁም። ግን ስንት ድምፅ ሰምቼ ባረጀሁበት ዓለም ጆሮዬ ለምን ይህንን መረጠ? ይህ የደሳለኝ ቤት ድምፅ ነው። ስለ ሥራ ዘመኔ ተናግሬ ያንን ቤት ብዘል እንደ ዋሸሁ እቆጥረዋለሁ።

የመጀመሪያ ምደባዬ ከቡሬ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት ጤና ጣቢያ ነበር። ደመወዜ ከጤፍና ከቤት ኪራይ አያልፍም፤ የወር ሪፖርቱ ደግሞ ከበሽተኛው ይበዛ ነበር። ስለ ሁለቱም ከዚህ በላይ የምለው የለኝም። ዕድለኛ የሆንሁት በአለቃዬ ነው። ጋሽ ደመላሽ ይባላሉ፤ የጤና መኮንን ናቸው። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ሲናደዱ የባሰውን ዝቅ የሚል ሰው ነበሩ። እሳቸው ሲያንሾካሹኩ የጤና ጣቢያው ሠራተኛ ሁሉ መሸሸጊያ ይፈልጋል።

ማዳመጫቸውን ሰው ደረት ላይ ከማሳረፋቸው በፊት ብብታቸው ሥር አድርገው ያሞቁታል። ይህንን ሳያደርጉ ያዳመጡትን ሰው አላስታውስም። "ቀዝቃዛ ብረት የነካው ልብ ይደነግጣል፤ የደነገጠ ልብ ደግሞ ይዋሻል" ይሉ ነበር። ከዚያ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ሰልፉ እስከ ግቢው በር ቢደርስ ግድ የላቸውም። ሰምተው ሲጨርሱ ደግሞ ማዳመጫውን ለእናትየው አቀብለው "ስሚው እስቲ፤ የልጅሽ ነው" ይሏታል። እኔ ወጣት ነበርሁና ቸኮልሁ፤ ይህ ሁሉ ጊዜ ማባከን አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

"እኛ ልጁን በዓመት አንዴ ብናየው ነው" አሉኝ። "እሷ ግን በየቀኑ ታቅፈዋለች። ደኅናውን ድምፅ ካወቀችው የተበላሸ ዕለት እሷው ትነግረናለች።"

ሌላም ትምህርት አለ። ሥራ በጀመርሁ ሰሞን አንዲት ሴት አዳምጬ "ምንም የለብሽም፤ ሂጂ" አልኋት። ጋሽ ደመላሽ ወደ ቢሯቸው ጠሩኝና እያንሾካሾኩ "ምንም የለም ማለት የሚችል አንድ እግዜር ነው። አንቺ 'አልሰማሁም' በይ" አሉኝ። ያን ዕለት ነገሩ ጨዋታ መስሎኝ ነበር።

ልብ በሮች አሏት፤ ሐኪሞች ቫልቭ የሚሏቸው። ደም ሲያልፍ ይከፈታሉ፣ ካለፈ በኋላ ይዘጋሉ፤ እኛ በጆሯችን የምንሰማው የበሮቹን መዘጋት ነው። በአገራችን እነዚህን በሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሻቸው የጉሮሮ ሕመም ነው። ልጁ ጉሮሮውን ይታመማል፣ ሳይታከም ይተዋል፣ ቆይቶ መገጣጠሚያው ያብጣል፣ ከዚያ በሽታው ልብ ይገባና በሩን ያጨማድደዋል። በደንብ ያልተዘጋው በር ደሙን ወደ ኋላ ሲያፈስ "ሹሽ" ይላል። ለእንዲህ ያለው ልጅ በየወሩ መርፌ እንወጋለን። ስለዚህ የታመመ ልብ በሰማን ቁጥር ከጉሮሮ የመጣ ነው ብለን ነበር የምንጀምረው።

አንድ የገበያ ቀን እትዬ ጥሩወርቅ የሚባሉ ሴት አንሙት የሚባለውን ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጁ ቀይ፣ ረጅም፣ ጤነኛ የሚመስል ነው።

"ልጁ ምን ሆነ?" አልኋቸው።

"ምንም አልሆነ።"

"ታዲያ ምን ሊያደርጉ አመጡት?"

"የአባቱ ድምፅ ገባበት" አሉኝ።

አግዳሚው ላይ አብረዋቸው የተቀመጡት ሴቶች ነጠላቸውን እየሰበሰቡ ራቅ ራቅ አሉ። የደሳለኝን ቤት አገሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ እንግዳዋ እኔ ብቻ ነበርሁ። የእትዬ ጥሩወርቅ ባል አቶ ደሳለኝ ሞፈር እንደ ጨበጡ ነበር የወደቁት። በሬዎቹ ቀጥ ብለው ቆመው ቀሩ፤ ሰው መጥቶ እስኪፈታቸው ድረስ እግራቸውን አላነሡም ይባላል። ከሳቸው በፊት ታላቅ ወንድማቸው አውድማ ላይ እንዲሁ ድንገት ሞቷል፤ ከዚያ በፊት አባታቸው። ያ ቤት በስም እየጠራ የሚወስድ ጠሪ አለበት ይሉ ነበር።

"ባሌ በሕይወት ሳለ ራሴን ደረቱ ላይ ሳሳርፍ ልቡ ትናገር ነበር" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ፤ በምላሳቸው ጠቅ አደረጉ። "ዱብ ትልና ጠቅ ትላለች። ለምጃት ያለሷ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። እሱን የቀበርነ ጊዜ ቤቱ ጭር አለብኝ። ኋላ ይኸን ልጅ ጭኔ ላይ አስተኝቼ ራሱን ስላጭ ጆሮዬ ደረቱ ላይ ቢያርፍ፣ እሷው! ሰውየው ሙቶ ድምፁ ሳይሞት ልጄ ላይ ሰፈረ።"

እኔ ሳቄን ለመዋጥ አፌን በእጄ ያዝሁ። ጋሽ ደመላሽ ግን አልሳቁም። ብረቱን ብብታቸው ውስጥ አሞቁ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ማዳመጫውን ለእኔ ሰጡኝ።

ዱብ፤ ጠቅ።

እትዬ ጥሩወርቅ በምላሳቸው ያሰሙኝ ድምፅ ራሱ ነበር፤ ቦታውን እንኳ አልሳቱም። የክንዴ ፀጉር ቆመ። ሰውየውን በሕይወት ሳሉ አላየኋቸውም፤ ከሞቱ በኋላ ግን ድምፃቸውን የሰማሁ ያህል ሆኖ ነው የተሰማኝ። ሳቄም በዚያው ጠፋ።

ሌላ የምናውቀው ነገር ስላልነበረ የወር መርፌውን ጀመርንለት። ጋሽ ደመላሽን ግን አላስደሰታቸውም። "ከጉሮሮ የሚመጣው 'ሹሽ' ይላል፤ ይህ ጠቅ ነው የሚል" እያሉ ያጉረመርማሉ። "ደግሞ ጉሮሮ ከአባት ወደ ልጅ አይወርድም።" ልጁ ሞፈር እንዳይዝና ከባድ እንዳያነሣ ለእናቱ አጥብቀው ነገሯቸው። ስሙን ያልደረሱበትን በሽታ እንዲህ በርቀት እየጠበቁት ዓመታት አለፉ።

ኋላ እኔ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ተዛወርሁ። አለቆቼ ተቀያየሩ፤ አንዱ ስብሰባ ይወድዳል፣ አንዱ ማኅተም፤ ስማቸውን እንኳ እየረሳሁ ነው። ያልረሳሁት የልብ አልትራሳውንድ የመጣበትን ጊዜና አልፎ አልፎ ከባሕር ዳር እየመጣ የሚያይልንን የልብ ሐኪም ነው። ገና እንደ መጣ አንሙትን አስጠርቼ አመጣሁት። ጎልማሳ ሆኗል፤ አልጋው አልበቃው ብሎ እግሩ ተርፎ ነበር።

ሐኪሙ የመሣሪያውን መስታወት ወደ እኔ አዞረልኝ። "ይህ በር ሦስት ክንፍ ነበር ሊኖረው የሚገባ" አለኝ። "የዚህ ልጅ ሁለት ነው። ጠቅ የሚልብሽ እሱ ነው። ከጉሮሮ የመጣ አይደለም፤ ሲፈጠር ጀምሮ አብሮት ያለ ነው።"

ቀስ ብሎ አስረዳኝ። ይህ ነገር በዘር ይሄዳል፤ አባት ወይም እናት ካለባቸው ልጅ ሊወርሰው ይችላል፣ ሁሉም ልጅ ግን አይወርሰውም። አንዱን ዘሎ ሌላውን ይይዛል። በሩ ሁለት ክንፍ ሆኖ ምንም ሳያውቅ የሚያረጅ ሰው ብዙ ነው። የሚያስፈራው ከልብ የሚወጣው ዋናው የደም ቧንቧ ነው፤ በአንዳንድ ቤተሰብ እየሳሳና እየሰፋ ይሄድና ሰውየው ከባድ ሲያነሣ ወይም ኃይል ሲያወጣ ድንገት ይቀደዳል። ሞፈር፣ አውድማ። የአገሩ ሰው ጠሪ ያለው ይህንን ነበር። የወር መርፌው ቀርቶ የደም ግፊት ክኒን ተጀመረለት፤ ቧንቧው በየጊዜው እንዲለካ፣ ከሰፋም ለቀዶ ሕክምና እንዲላክ ተወሰነ።

"አሁን ዘመዶቹን በሙሉ አምጪልኝ" አለኝ ሐኪሙ። የከተማ ልጅ ነው። ጎጃም ውስጥ "ዘመድ በሙሉ" ማለት ግማሽ ወረዳ መሆኑን ማን ነግሮት!

ወደ ጋሽ ደመላሽ ሄጄ ስነግራቸው ፈገግ አሉ። "ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ በማይዳርበት አገር ተቀምጠሽ ዘር ቆጣሪ ቸገረሽ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኛ ዘንድ እጮኛሞቹ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና እንደሌላቸው ሽማግሌ ሳያረጋግጥ ጋብቻ የለም። ለዚያ አገር ቆጣሪው መሪጌታ ኅሩይ ነበሩ፤ የትኛው ከየትኛው እንደ ተወለደ በቃላቸው የሚያወርዱ ሊቅ።

በእትዬ ጥሩወርቅ ቤት ተሰበሰብን። መሪጌታ ቆጠራውን ጀመሩ፤ ከአቶ ደሳለኝ አያት ተነሥተው እስከ ትናንት ሕፃን ድረስ እንደ ዳዊት ደገሙት። እኔ እያዳመጥሁ ሳለ የጓሮው ግድግዳ ላይ ዓይኔ አረፈ። አንድ ቦታ ላይ የወንፊት ያህል ስፋት ያለው ምርጊት አለ፤ ጭቃው ከሌላው ይጠቁራል።

"ይህን አይጥ ነው ያፈረሰባችሁ?" አልሁ፣ ለጨዋታ ያህል።

ጎረቤታቸው አቶ ፈንቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። መሪጌታ ከተቀመጡበት ተነሥተው ምርጊቱን በጀርባቸው ጋርደው እንደገና ተቀመጡ።

"ሌላ የቀረ አለ መሪጌታ?" ብዬ ጠየቅሁ።

"በዚህ ቤት ስም የሚጠራውን ሁሉ ጠርቸልሻለሁ ልጄ" አሉኝ።

ከዚያ ማዳመጥ ሆነ ሥራችን። ጋሽ ደመላሽ አንድ ወገን፣ እኔ አንድ ወገን ይዘን በየአውድማው፣ ከቅዳሴ በኋላ በየደጀ ሰላሙ፣ በየወንዙ ዳር ዞርን። አገሩ ግን ፈራኝ። እኔ ብቅ ስል ሙቀጫው ይቆማል፣ ወሬው ይቆማል፣ ሕፃን እንኳ አፉ ይያዛል። "ሰሚዋ መጣች" ይባባላሉ። እናቶች የልጆቻቸውን ደረት በነጠላ ይሸፍናሉ። አንድ ሽማግሌ "ሞት ሲራመድ የምትሰሚው አንች ነሽ?" ብለው ከልባቸው ጠየቁኝ። በዚያ ሁሉ ጸጥታ መሐል ብረቴን ብብቴ ሥር አሞቃለሁ፣ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ደኅና፤ ደኅና፤ ደኅና። ከዚያ ሳላስበው ጠቅ! እህል ሲያበጥሩ ያገኘኋቸው አሮጊት ላይ፤ ከሳቸው ቤት ርቆ ያደገ ወጣት ቄስ ላይ። በሄድሁበት ሁሉ አንድ የሞተ ሰው ከደረት ወደ ደረት እየዘለለ ይቀድመኝ ነበር ብል አላጋነንሁም። እንዲህ ያለ ነገር አላምንም፤ ያን ጊዜ ግን ብቻዬን መንገድ መሄድ ጠልቼ ነበር።

በዚያ ዙር አንድ ቀን ይበልጣል የሚባል ወጣት ቦርሳዬን ተሸክሞ ወንዝ አሻገረኝ። የአቶ ፈንቴ ልጅ ነው፤ በቅርብ የተዳረ፣ ክንዱ ረጅም፣ ጨዋታ አዋቂ። ከወንዙ ማዶ ተቀምጬ የአንሙትን የአጎት ልጅ አዳምጬ ስጨርስ ይበልጣል ሸሚዙን ከፈተና ፊቴ በርከክ አለ።

"የኔንስ አትሰሚም ሲስተር? ልብ የሚባል ነገር አለኝ የለኝም እይልኝ። ሚስቴ ወስዳዋለች ይሉኛል።"

ሳቅሁ፤ ብረቱም በእጄ ነበር። ገና እጄን ስዘረጋ ከላይ ከማሳው አቶ ፈንቴ ጮኹ። "አንተ! ተነሥ ከዚያ! ያንተ ቤት አይዶለም!" ልጁ ደነገጠ፤ ሸሚዙን ቆለፈና እየሳቀ ሄደ። እኔም ትክክላቸውን ነው ብዬ ተውሁት፤ በቆጠራው ስሙ የለም።

የተቆጠረው ሁሉ ተዳመጠ። ጠቅ ያሉት ወደ ሆስፒታል መጥተው ተለኩ፣ ክኒን የሚያስፈልገው ተሰጠው። "ጨረስን ጋሽዬ" አልኋቸው። "የሰማነውን ሰማን በይ" አሉኝ፤ ፊታቸው አልተፈታም።

በገና ዕለት የዚያ መንደር ሰዎች ጠርተውን ነበር። ሰፊ ሜዳ ላይ የገና ጨዋታ ይዘዋል። ይበልጣል ጥንጓን ሲመታት ከሜዳው አልፋ ጠፋች፤ ሰዉ ጮኸለት። እሱ ግን ባለበት ቀጥ ብሎ ቆመ። ልክ የሚሰማው ነገር እንዳለ ሰው አንገቱን ዘንበል አደረገ፤ እጁን ደረቱ ላይ ጫነ፤ በዓይኑ ፈልጎ አገኘኝና "ሲስተር" አለ። ከዚያ ወደቀ።

ሮጬ ደረስሁ። ጆሮዬን ደረቱ ላይ ለጠፍሁ። ዱብም የለ፣ ጠቅም የለ። የምናውቀውን ሁሉ አደረግን፤ ላባችን እስኪንጠባጠብ ደረቱን ተጫንን። አልመለስነውም። በሥራ ዘመኔ ብዙ ሰው በእጄ ላይ አልፏል፤ እኔን ጠርቶ የሞተው ግን እሱ ብቻ ነው።

በቀብሩ የአቶ ፈንቴ ሚስት እንደ እናት ፊታቸውን ነጭተው አለቀሱ። እትዬ ጥሩወርቅ ከጎረቤቶቹ መሐል መቀነታቸውን ጨብጠው ተቀምጠዋል፤ ዓይናቸው ደረቅ ነው። ሙሾ አውራጇ ትንፋሽ ስትሰበስብ ለቅሶው ለአፍታ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሰማሁት።

ጠቅ።

አስከሬኑን ነው ያየሁት መጀመሪያ። እንደገና ጠቅ አለ፤ ዘወር ስል እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። አንገታቸውን ደፍተው፣ ለራሳቸው፣ በምላሳቸው እያደረጉት ነው። ጠቅ። ጠቅ። ልጅ እንደሚያባብል ሰው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ጋሽ ደመላሽን አየኋቸው፤ እሳቸውም ሰምተዋል። ሁለታችንም የዚያን ጊዜ አወቅን።

በሠልስቱ ቤታቸው ሄድን። መሪጌታም ነበሩ። ማንም ሳይጠይቃቸው እትዬ ጥሩወርቅ ተነሥተው የጓሮውን ግድግዳ፣ ያንን ምርጊት፣ በመዳፋቸው ዳበሱት።

"በዚህ ነው የወጣ" አሉ። "የባሌ ወንድም በሞተ ሰሞን ነው የወለድሁት። ሞት ከበር ቁሞ ስም ይሰማል፤ በዚህ ቤት ስም የተጠራውን ይዞ ይሄዳል አሉኝ። አንሙትማ አንዴ ተጠርቷል። ይኸኛው ገና ስም የለውም ነበር። ግድግዳውን ነድለን በጓሮ አወጣነው፤ ፈንቴ ከወዲያ ሁኖ በእፍኝ ገብስ ገዛኝ። የሱ ቤት ሆነ። ጡቴን ሳጠባው እንኳ 'የጎረቤት ልጅ' ነበር የምለው። አንድ ቀን ልጄ ብዬው አላውቅም።"

"እኔ ስጠይቅ ለምን አልነገሩኝም?" አልሁ።

"አንችም የምትሰሚ ነሽ" አሉኝ። "ሰሚ ሁሉ አንድ መሰለኝ።"

መሪጌታ በጋቢያቸው ጠርዝ ዓይናቸውን ጠረጉ። "ሲዳር ጊዜ በደሙ ቆጥሬዋለሁ" አሉ። "እኅቱን እንዳያገባ ብቻየን፣ በሆዴ ቆጠርሁት። ከዚያ በቀር ላልናገር ተማምለናል።"

ተናደድሁ፤ ዛሬም ሳስበው እናደዳለሁ። ለጋብቻ ሲሆን የሚቆጠር ልጅ ለሕይወቱ ሲሆን እንዴት ይዘለላል? ግን በማን ላይ እንደምቆጣ አላውቅም። እናት ልጇን ከሞት ደበቀች፤ አጥብቃ ስለደበቀችው እኛ አጣነው። ሞት ግን አላጣውም። ጋሽ ደመላሽ ቡሬ ስንደርስ "ማዳመጥ ብቻ ሳይሆን መጠየቅም አላወቅንም" አሉ።

ከዚያ ወዲያ እስኪሞቱ ድረስ የትኛውንም ቤተሰብ ሲያዩ አንድ ጥያቄ አይዘሉም ነበር፦ "በጓሮ የወጣ አለ?" እኔም ወረስኋቸው። በሆስፒታሉ ወጣት ነርሶች ይስቁብኝ ነበር። ጥያቄውን ስጠይቅ አንዳንዱ ቤተሰብ ድንገት ጸጥ ይላል፤ ያን ጊዜ ወንበሬን አስጠግቼ እጠብቃለሁ። በዚህ መንገድ ያገኘናቸው አሉ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። አልሰማሁም፤ ገፍተው ገቡ። እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው፤ ጎብጠዋል። በእጃቸው ቀይ፣ ጣቷ ረዣዥም ሕፃን ይዘዋል። ይበልጣል ሲሞት ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የወለደቻት ናት። ስትወለድ ላዳምጣት ብሄድ አቶ ፈንቴ አላስገቡኝም ነበር። ትርንጎ ይሏታል።

"እማማ ጎረቤት፣ ውኃ" አለች ልጅቱ። አያቷን የምትጠራቸው እንዲህ ብላ ነው።

እትዬ ጥሩወርቅ ውኃውን እስክትጠጣ ጠብቀው የመጡበትን ነገሩኝ። አቶ ፈንቴ ፈርተዋል። ልጅቱን ሊበን ላሉ የሩቅ ዘመዶቻቸው ሊሰጧት ነው፤ ማን እንደ ወለዳት በማይታወቅበት አገር በሌላ ስም እንድታድግ። እናቷም ከፍርሃቷ ብዛት እሺ ብላለች። ከዚያ በኋላ ማንም አይነግራት፣ ማንም አያዳምጣት፤ እንስራ ትሸከማለች፣ ትወልዳለች።

"ሆስፒታል ብወስዳት የማን ናት ይሉኛል" አሉ። "የቤቱን ስም መጥራቴ ነው። አንች ስሚያት። ከሌለባት በሰላም ትሂድ፤ አፌን ዘግቼ እኖራለሁ።"

ከመሳቢያዬ አሮጌውን ማዳመጫ አወጣሁ። አሞቅሁት። ዓይኔን ጨፈንሁ።

ዱብ፤ ጠቅ።

ከዚያ ግን ማዳመጫውን ከጆሮዬ አወጣሁት። ዱብ፤ ጠቅ። አሁንም አለ። የልጅቱ ነው ወይስ የኔ? መልሼ አደረግሁት፣ መልሼ አወጣሁት፤ ድምፁ አልለወጥ አለ። ሁለቱም ያዩኛል። ምንም የለባትም ብል ደስ ብሏቸው ይሄዱ ነበር፤ አለባት ብል ደግሞ የሌላትን በሽታ ልሰጣት እችላለሁ።

"አልሰማሁም እትዬ" አልኋቸው። "ጆሮዬ ሙቷል። ይስሙት እርስዎ።"

ማዳመጫውን ተቀበሉኝ። ብረቱን ወደ ብብታቸው ወሰዱት፤ ያ የገበያ ቀን አልተረሳቸውም። የልጅቱን ደረት ገልጠው አሳረፉበት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ብዙ ቆዩ። ትርንጎ እየተኮረኮረች ትስቃለች። ቀስ በቀስ የአሮጊቷ ፊት ሲለወጥ አየሁት፤ ከፍርሃት ይልቅ የናፈቀውን ሰው መንገድ ላይ ያገኘ ሰው ፊት ይመስል ነበር። እንባቸው ወረደ፤ በምላሳቸውም ቀስ ብለው ጠቅ አደረጉ።

"እሱ ነው" አሉ።

"አንሙትን ያስቡት" አልኋቸው። "ስሙ ተጠርቶም፣ ተለክቶም፣ ክኒኑን እየዋጠ ይኸው ቡሬ ላይ ሱቅ ከፍቶ ልጆች ያሳድጋል። የሞተው ያልተጠራው ነው።"

ነጠላቸውን አጣፉ፣ ልጅቱን አዘሏት። እኔም ጫማዬን አጠለቅሁ፤ ባጃጅ ይዘን ሆስፒታሉ ገባን። የካርድ ክፍሉ ወጣት አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል።

"የልጅቱ ስም?"

"ትርንጎ።"

"የአባት?"

"ይበልጣል።"

"አያት?" አለ፤ ቀጥሎም "እርስዎስ ምኗ ነዎት?"

እትዬ ጥሩወርቅ ዞር ብለው በሩን አዩ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የቆመ ሰው የለም። መቀነታቸውን ጨበጡና ግቢው ድረስ በሚሰማ ድምፅ "ደሳለኝ! አያቷ ደሳለኝ ነው! እኔ የአባቷ እናት ነኝ!" አሉ።

ወጣቱ ደንግጦ ቀና አለ። "ቀስ ይበሉ እማማ፤ ይሰማኛል እኮ።"

"ላንተ አይዶለም ልጄ" አሉት፣ ዓይናቸውን ከበሩ ሳይነቅሉ።